የጎረቤቴ ሚስት የለመነችኝ ድምፅ

ባለፈው የኬንያ ምርጫ ለሰፈራችን የምክር ቤት ወንበር የተወዳደሩት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስቱንም በአካል አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልወድም። ስለ ትልልቆቹ ወንበሮች እዚህ አላነሳም። እነሱ ሩቅ ናቸው፤ ማንም ቢቀመጥባቸው የእኔን በር አያንኳኳም። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ትንሹ ወንበር ነው።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ነው፤ አንድ አጥር፣ አንድ በርና አንድ ዘበኛ ባለው ግቢ ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተደግፈው ከተሠሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች በአንዱ። መሃል ከተማ የሐበሻ ልብስ የምሰፋበትና የምሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ጁባ ነው የሚነግደው፤ በዓመት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይመጣል። ልጄ ስንመጣ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ዜግነታችንን ያገኘነው ከምርጫው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። መራጮች ሲመዘገቡ የግቢያችን ዘበኛ፣ «ማማ፣ እንግዲህ የኛ ሰው ሆነሻል፣ ሂጂና ተመዝገቢ» ሲለኝ ደስ ብሎኝ በዚያው ቀን ሄድኩ። ልጄንም ጎትቼ ወሰድኳት። መመዝገብና መምረጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የገባኝ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዕጩ ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ ነው። አንድ ጊዜ ሰፈራችን አራት ወር ሙሉ ውሃ ጠፋበት። የግቢያችን ሴቶች ተሰብስበን ቢሮው ሄድን፤ ቆመን ዋልን። በሳምንቱ የውሃ ቦቴ አስከትሎ መጣ። ጃኬቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጎማውን በገዛ እጁ ይዞ የእያንዳንዳችንን አንድ አንድ ጄሪካን ሞላ። ሁለት ልጆች ፎቶ ያነሱት ነበር። ሁለተኛውን ጄሪካኔን ሳቀርብ ጎማው ተዘጋ፤ ፎቶው አልቆ ነበርና። ቦቴው ግማሽ ውሃውን እንደያዘ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ አንደበቷ የጣፈጠ። ምርጫው ሊደርስ ሲል ሱቄ ድረስ መጥታ አንድ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መስታወት አየች፤ «ዳዳ» ትለኝ ነበር፣ እህቴ ማለቷ ነው። ስትወጣ እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ ድምፄን ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከእሷ ጋር ሄዶ ነበር። በሳምንቱ ከሱቅ ስመለስ የሰፈሩ ሜዳ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዛ ስትናገር ደረስኩ። የቤት ኪራይ የናረው ከሌላ አገር ሻንጣ ይዘው በሚመጡ ሰዎች ነው፣ ልጆቻችን የሚከራዩት ቤት ያጡት በእነሱ ነው አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። አጠገቤ የቆመች ሴት ሳታውቀኝ ወደ እኔ ዞራ «እውነቷን ነው» አለችኝ። የያዝኩትን ቲማቲምና ሽንኩርት ደረቴ ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ሦስተኛው ጎረቤቴ ነው። የእሱና የእኔ ቤት የሚለያየው በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው።

ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሰፈሩን ልጆች ኳስ ያሠለጥናል፤ የአሮጊቶችን የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ ፎቅ ድረስ ያወጣል፤ ሰላምታው ራሱ ቀኑን ብሩህ ያደርጋል። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር፤ እኔም። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት፣ ሳሎን ተቀምጬ ጥልፍ ስጠልፍ ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ነገር ግድግዳውን መታው። ከዚያ የሚስቱ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «ባሲ፣ ባሲ፣ ባሲ» አለ። በስዋሂሊ ይበቃል ማለት ነው። እንደገና ተመታ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ተነሥቼ በሬ ድረስ ሄድኩ። እጄ መያዣው ላይ አርፏል። አልወጣሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወጣና በመስኮት አይቶኝ፣ ጋዝ መጥቶልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። መጥቷል አልኩት፤ አመሰገንኩትም። ያንን ምስጋና እስካሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ሰማሁ። ሚስቱ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጭምትና ለስላሳ፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ያላት። ከሥራ ስትመለስ አንዳንዴ እኔ ዘንድ ጎራ ብላ ጥልፍ እንዳስተምራት ትቀመጥ ነበር። ስለዚያ ነገር አንድ ቀን ተንፍሳ አታውቅም። እኔም አልጠየቅኳትም። እሷ ያልከፈተችውን እኔ እንዴት እከፍተዋለሁ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ምርጫው ሲቃረብ ከተማው ትንፋሹን የዋጠ መሰለ። ሱቆች መስታወታቸውን በጣውላ መሸፈን ጀመሩ። እኔም ጥሩ ጥሩዎቹን ቀሚሶች በሁለት ማዳበሪያ አድርጌ በማታቱ ሚኒባስ ወደ ቤቴ አመጣሁ። ሰው ዱቄትና ጋዝ ይገዛል፤ ከግቢያችን ሦስት ቤተሰብ ወደየትውልድ አገሩ ሄደ። ምንም አይመጣም ይላል ሁሉም፤ ምንም አይመጣም ያለው ሰው ራሱ ሻማ ገዝቶ ሲገባ ታየዋለህ።

ባለቤቴ በየቀኑ ይደውላል። ዱቄት ገዛሽ ወይ፣ በሩን ቆልፊ፣ ልጅቷን አታውጫት። መምረጡንም እንድተወው ነገረኝ። «የማንም ወገን ያልሆነ ሰው ማንም አይፈልገውም» አለኝ። ለምን እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። አዲስ አበባ እያለን አንድ ጊዜ መርጬ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፈን፣ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጥታ፣ እየሳቅንና እየተገፋፋን ነበር የመረጥነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸና ታናሽ ወንድሜ ከሰፈር ወጣቶች ጋር ታፍሶ ሄደ። ሁለት ወር ሙሉ የት እንዳለ ሳናውቅ ቆየን። ሲመለስ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ክብደቱ ተጋምሶ፣ ስለ ምንም የማያወራ ልጅ ሆኖ ነበር። በዓመቱ እኛ ወደ ናይሮቢ መጣን። ምርጫ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ ሰልፉ አይደለም፤ እናቴ ሳህኑ ላይ የወንድሜን ድርሻ ከድና ስታስቀምጥ ነው።

ልጄ ደግሞ ገና ከጅምሩ ወስና ነበር። «ማሚ፣ እኔ አልመርጥም፣ ሶሪ። ሦስቱም አንድ ናቸው» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ስለ ሦስተኛው እኔ የማውቀውን አላወቀችም። ክፍሏ በሌላኛው በኩል ነው።

እኔም ወደዚያው እያዘነበልኩ ነበር። ማንንም አለመምረጥ። የውሃውን ሰውዬ ትቼ ወደዚያች ሴት ብሄድ ከድጡ ወደ ማጡ፤ ጎረቤቴን እንኳ በሐሳቤም አላስገባውም። ቤቴ ዱቄቴን ይዤ ብቀመጥ ምን ጎደለብኝ? አምስት ቀን ሲቀር እዚህ ላይ ደርሼ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ ሚስት ልጇን ይዛ መጣች። ወጥ ቤት ነበርኩ። ለልጁ ብስኩት ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ እንደ ወትሮዋ ጥልፏን አላወጣችም። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ማማ፣ ባሌን ትመርጪዋለሽ አይደል?» አለችኝ።

ለመሄዴም ገና እንዳልወሰንኩ ነገርኳት።

«ሂጂ እባክሽ» አለች። «የዚህን ግቢ ሰው በሙሉ እየዞርኩ እየጠየቅኩ ነው። አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ ምረጪው።»

«ለአንቺ ብዬ?»

ልጇን አየችው። ብስኩቱን እየፈረፈረ መኪና ይሠራበታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ካሸነፈ ስብሰባ ይበዛበታል፣ ቤት አይውልም። ሰውም ስለሚያየው ይጠነቀቃል። ከተሸነፈ ግን ሽንፈቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው» አለች።

«እኔ እሰማለሁ» አልኳት። ስንት ወር የዋጥኩት ቃል ነው።

«እንደምትሰሚ አውቃለሁ» አለች። አልተቆጣችም፣ አላፈረችም። ያንን ስትል ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ ወጡን ማማሰል ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ልጇን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት ቀናት ምን ሆኜ እንዳሳለፍኳቸው ለማንም መናገር አልቻልኩም። ለባለቤቴ ብነግረው ግቢውን ለቀሽ ውጪ ይለኛል። ለልጄ ብነግራት ሄዳ ፊት ለፊት ትናገረዋለች። ስፌት ይዤ እቀመጣለሁ፣ የሰፋሁትን መልሼ እፈታለሁ። የማይረባ ስሌት ነበር የያዝኩት። ብመርጠው፣ ሚስቱን የሚመታ ሰው ላይ ሥልጣን ጨመርኩለት ማለት ነው። ነገ እሷ ወይም ሌላ የተመታች ሴት አቤት ብትል የሰፈሩ አቤቱታ የሚሄደው ወደ እሱ ቢሮ ነው፤ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ስልኩን የሚያነሣለት ለእሱ ነው። ባልመርጠው፣ ለምናኝ እምቢ አልኳት። ቤቴ ብቀመጥስ? ያም መልስ ነው፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ውጤቱን መጠበቅ። አንዲት ወረቀት ብቻዋን ማንንም እንደማታነግሥ፣ ማንንም እንደማትጥል አውቃለሁ። ግን ወረቀቷ የኔ ናት፤ ክብደቷም እኔ ላይ ነበር።

በምርጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴን ሚስት ልብስ ስታሰጣ አየኋትና ወጣሁ። የጓሮ በሬን ትርፍ ቁልፍ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። «የጓሮው ነው» አልኳት፤ ሌላ ነገር አልተናገርኩም። ወገቧ ላይ ባሰረችው ሽርጥ ጫፍ ቋጥራ መቆንጠጫዎቿን መልቀም ቀጠለች። ይህን ቁልፍ ስለ ምን ከወራት በፊት እንዳልሰጠኋት ራሴን እየጠየቅኩ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ የሰፈሩ ወጣቶች ሰው ለምርጫው ለመቀስቀስ ፊሽካ እየነፉ በመንገድ አለፉ። ልጄ ትራሷን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተኛች። እኔ ምንም ሳልወስን መታወቂያዬን ይዤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። አየት አድርጌ እመለሳለሁ እያልኩ ነበር።

ምርጫው በሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሰልፉ ሜዳውን ዞሮ ተጠምዝዟል። ሰው ጸጥ ያለ ነበር፤ አንዳንዱ በርጩማ ይዞ መጥቷል፣ ኦቾሎኒ የሚሸጥ ሰው ያልፋል። ጎረቤቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣና መርጦ ወጣ፤ ሲያልፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ከኋላዬ የነበረ ጎረምሳ፣ «ማማ፣ ትልልቅ ሰዎች ከፊት ይገባሉ፣ ሂጂ» ሲለኝ አይ ደህና ነኝ አልኩት። ሰልፉ ባያልቅ ነበር የምመርጠው።

ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጣቴን ማሽኑ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። ማሽኑ አላወቀኝም። በመርፌና በካውያ ብዛት የጣቶቼ አሻራ ጠፍቷል። ሌላኛውን ጣት ሞከርኩ፣ አላወቀኝም። ያኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንዳያውቀኝ ተመኘሁ። ሄድኩ፣ ሞከርኩ፣ ማሽኑ እምቢ አለ ብዬ ወደ ቤቴ ልመለስ። ጸሐፊዋ ልጅ ግን ታጋሽ ነበረች። ጣቴን በጨርቅ ጠራርጋ፣ አውራ ጣቴን ራሷ ይዛ ጫን አደረገችው። በአራተኛው ሙከራ ፎቶዬ ብቅ አለ። «ካሪቡ ማማ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» አለችኝና ለስድስቱ ወንበሮች ስድስት ወረቀት ሰጠችኝ።

በካርቶን የተከለለ ጠረጴዛ ጋ ቆምኩ። አምስቱን እንደነገሩ አድርጌ ጨረስኩ፤ የማላውቃቸው ያሉበትን ባዶውን አጠፍኩት። ስድስተኛው ላይ ሦስቱ ፎቶዎች አሉ፤ ሦስቱም ይስቃሉ። ማንን ነው የምወደው ብዬ ብጠይቅ መልስ እንደሌለ አምስት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ። ያኔ ሌላ ጥያቄ መጣልኝ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከእነዚህ የማንኛቸውን በደል ይቅር የማለት መብት አለኝ? የውሃው ሰውዬ የበደለው ሰፈሩን ሁሉ ነው፤ ሕፃናት ያሏቸውን፣ በሽተኛ የሚያስታምሙትን። በእነሱ ፈንታ እኔ ምሬዋለሁ ማለት አልችልም። ጎረቤቴ የበደለው ከግድግዳው ማዶ ያለችውን ነው፤ ያንንም እኔ ልምር አልችልም፣ እሷ ብትለምነኝም። ያቺ ሴት ግን በዚያ ሜዳ ላይ የተናገረችው ስለ እኔ ነው። ያንን ይቅር ማለት የእኔ ፋንታ ነው።

ምልክቱን እሷ ላይ አደረግሁ። ደስ አላለኝም። አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ፤ ትንሿን ጣቴን ቀለም ነከሩልኝ።

ስወጣ የጎረቤቴ ሚስት ልጇን ይዛ ሰልፉ መሃል ደርሳለች። መጀመሪያ ጣቴን አየች፤ ቀጥላ ፊቴን። ምሳ ልሥራ ብዬ አለፍኳት።

ውጤቱ የታወቀው በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ ነገረን። የውሃው ሰውዬ እንደገና አሸነፈ። ሴትዮዋ ሁለተኛ ወጣች፤ ጎረቤቴ ሦስተኛ፣ ያውም ርቆ። በሰፈራችን ድንጋይ አልተወረወረም፣ ጎማ አልተቃጠለም። ሰው የፈራው አልመጣም ብሎ በየደጃፉ ወጥቶ ያወራ ጀመር። እኔ ሬዲዮውን አጥፍቼ ሳሎን ተቀመጥኩ።

ጎረቤቴ ከጓደኞቹ ጋር ወጥቶ ነበር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መኪናው ግቢ ሲገባ ሰማሁ። ደቂቃ ሳይሞላ የጓሮ በሬ ውስጥ ቁልፍ ዞረ። ልጇን አዝላ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውን በእጇ አንጠልጥላ ገባች። ተነሥቼ ፊቷን፣ እጇን አየሁ።

«ገና ምንም አላደረገኝም» አለች። «የመኪናውን በር እንዴት እንደዘጋው ሰማሁ።»

ልጄን ከፎቅ ጠራሁና በአጭሩ ነገርኳት። ሁለቱን ወደ ክፍሏ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ስልኳን ይዛ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። በሩ ተንኳኳ።

ክራቫቱን ፈትቷል፤ ትሕትናው ግን እንዳለ ነው። ስለረበሸኝ ይቅርታ ጠይቆ ሚስቱ እኔ ዘንድ እንዳለች ጠየቀ።

«አለች» አልኩት።

«ንገሪያትና ትምጣ፣ እራት ደርሷል።»

«ዛሬ እዚህ ነው የምታድረው።»

ፈገግ አለ። «ምን ነገረችሽ?»

«ምንም አልነገረችኝም። ግድግዳችን ግን አንድ ነው።»

ልጄን አያት፣ ስልኳን አየ። ዘበኛው ከበሩ ወደ እኛ መመልከት ጀምሮ ነበር። ጎረቤቴ ግን ምስጋና የመሰለ ነገር ተናግሮ ዞሮ ሄደ። በሩን ቆልፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ልጄ ውሃ አመጣችልኝ።

ባለቤቴ ሲደውል ነገርኩት። ተቆጣ፤ በሰው ቤት ገብተሽ ነገር ታመጪብናለሽ አለኝ። በማግስቱ ግን ከወትሮው ሰዓት ቀድሞ ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ልጅቷ ደህና አደረች ወይ ብሎ ነው። የእኛዋን ልጅ ይሁን እንግዳችንን ማለቱ እንደሆነ አልነገረኝም።

ሦስት ቀን እኛ ዘንድ ቆየች። በአራተኛው ጠዋት ወንድሟ ከማቻኮስ ከተማ መኪና ይዞ መጣ። እሱ ከዘበኛው ጋር ሆኖ ዕቃ ሲያወጣ፣ እሷ ልጇ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ድንገት፣ «መረጥሽው?» አለችኝ።

ልዋሻት አስቤ ነበር። ቃሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አልመረጥኩትም» አልኳት።

ካውያውን አቆመች። «እኔም አልመረጥኩትም» አለች።

ያን ሁሉ ቤት ዞረሽ ለምነሽ? አልኳት።

«እንዲያሸንፍ ፈልጌ ነበር። በእኔ እጅ ግን አይደለም» አለችና የሸሚዙን ሌላኛውን እጅጌ መተኮስ ጀመረች።

ጎረቤቴ ከሁለት ወር በኋላ ቤቱን ለቀቀ። ሲወጣ የሚያሠለጥናቸው የሰፈሩ ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ሸኙት፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ። እሷ አሁን ማቻኮስ ታስተምራለች፤ በበዓል እንደዋወላለን። ሰሞኑን እዚያው ለመራጭነት እንደተመዘገበች ነገረችኝ። ማንን እንደምትመርጥ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ውሃ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። እዚህም ለሚቀጥለው ምርጫ ድምፅ መጠየቅ ተጀምሯል፤ የሰፈሩን ዕጩዎች ስም ከዘበኛው ሰማሁ። አንዱንም አላውቀውም። ስለማላውቃቸው መጀመሪያ ቀለል አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ማን እንደሆኑ፣ ቤታቸው ምን እንደሚመስል፣ ማን ጎረቤታቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ።